አራሷ ያልወጣችበት ቤት

ወረታ ገበያ ዳር የረጠበ የክዳን ሣር ሸተተኝና ቆምኩ።

በጃንሆይ ጊዜ፣ ልጅ ሳለሁ፣ ጎጇችን ጣና ዳር ነበረች። ክረምት ውሃው ሲመጣ ወንዶቹ የሣር ክዳኗን ተሸክመው ወደ ቁሐር ሚካኤል ጉብታ ያወጡታል፤ በበጋ ይመልሱታል። አንድ ክረምት ግን ውሃው እናቴ በወለደች በሳምንቷ ደረሰ። ጎረቤቶቻችን «ቶሎ ትውጣ!» ብለው ጮኹ።

አያቴ ግን «አራስ ደጅ አትወጣም! ቤቱ ከነእሷ ይሂድ፤ አንሡ!» አሉ።

ክዳኑ ተነሣ። እናቴ ሕፃኑን አቅፋ፣ እኔ ቀሚሷን ይዤ፣ ከሥሩ ሄድን። ውሃው ጉልበቴ ላይ ሲደርስ ከፊት የተሸከመውን አጎቴን አዳለጠውና ክዳኑ ወደ እኛ ዘመመ።

«እንዳትወጪ!» አሉ አያቴ።

እናቴ ሕፃኑን ለእኔ ሰጠችኝና በሁለት እጇ ክዳኑን ደግፋ ያዘች። አጎቴ ተነሥቶ ጫፉን መልሶ ያዘ፤ እናቴም ከክዳኑ ሥር ሳትወጣ ጉብታው ላይ ደረስን።

ዛሬም ያ ሽታ ሲመጣብኝ እጆቼ ሕፃን እንደያዙ ሁሉ ይደርቃሉ።