በምን ይታወቃል?

ሰሞኑን ዝናቡ ካባራ በኋላ ከጣና ሐይቅ የተነሣ ነፋስ መስኮቴን ገፋ አድርጎ ገባ። እርጥብ የደንገል ሣርና ዓሣ፣ ትንሽም ጭቃ ይሸታል። ይህ ሽታ ሁልጊዜ ወደ አንድ ቦታ ይወስደኛል፤ ቆርቆሮው በቀትር ፀሐይ ወደሚንጣጣው፣ እንግሊዝኛ ወደምንማርበት የአሥረኛ ክፍል። ጊዜው የደርግ ነው። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃገረድ ነበርሁ።

አባቴ ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጡ ነበር። በቤታችን ትልቅ ሰው የተናገረው ሁሉ እውነት ነው። "በምን ይታወቃል?" ብሎ መጠየቅ ብልግና ነበር። ከእንግሊዝኛው በላይ ያስቸገረኝም ይኸው ነው።

መምህራችን ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ብዙም ያልቆየ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ወጣት ነበር። አንድ ቀን በእንግሊዝኛ ዐሥር ዐረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ ጻፈና ከየአንዳንዱ አጠገብ "ፋክት" ወይም "ኦፒኒየን" ብለን በወረቀት እንድንመልስ አዘዘን። ሐቅ ነው ወይስ አስተያየት ማለቱ ነው። እኔ ዐሥሩንም ፋክት አልሁ። ወረቀቴ በቀይ እስክሪብቶ ተዥጎርጉሮ ተመለሰልኝ፤ ከዐሥር አራት።

እጄን አወጣሁ። "ቲቸር፣ 'ባሕር ዳር ከጎንደር ታምራለች' የሚለው ለምን ኤክስ ሆነ? እውነት እኮ ነው።"

ከኋላዬ የሚቀመጠው ልጅ ብድግ አለ። አባቱ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጥረው ከጎንደር የመጡ ናቸው። "ውሸት ነው ቲቸር። የምታምረው ጎንደር ናት።"

መምህሩ ሁለታችንንም አየን። "በምን ይታወቃል?"

"ወጥቶ ማየት ነዋ" አልሁ። ክፍሉ ሳቀ።

"ወጥተን አየን እንበል። ለሱ ሌላ ሆኖ ቢታየውስ? ማን ይዳኛችኋል?"

ወደ ሰሌዳው ዞሮ ሌላ ዐረፍተ ነገር ጻፈ፤ የጣና ውኃ ጨው ጨው ይላል የሚል። "ይኼስ?"

"ውሸት" አልን ባንድ ድምፅ።

"ውሸትነቱን በምን አወቃችሁ?"

"ቀምሰነው።"

"እንግዲያው ትክክልም ይሁን ስሕተት፣ ተቀምሶ ወይም ተለክቶ የሚለይ ነገር በሐቅ በኩል ነው የሚመደበው። እንዲህ የማይለይ ከሆነ ሺህ ሰው ቢለውም አስተያየት ነው።"

ከጎኔ የምትቀመጥ አንዲት ደፋር ጓደኛዬ "ቲቸር፣ በሩ ላይ በቀይ ጨርቅ ላይ የተጻፈው መፈክርስ ከየትኛው ነው?" አለች። መምህሩ ጠመኔውን አስቀመጠ፤ እጁን አራገፈ። "ሰዓት ደርሷል" አለ። ደወሉ ግን ገና አልተደወለም ነበር።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ሐይቁ ዳር ወረድሁና ውኃውን በእፍኜ ቀመስሁት። ከተወለድሁ ጀምሮ የማውቀውን ውኃ። የዚያን ቀን ግን ያወቅሁት ራሴ ቀምሼ ነው፤ ማንም አልነገረኝም። ከዚያ ወዲያ በማነበው ሁሉ ላይ "ቤስት"ን፣ "ሹድ"ን፣ "ቢዩቲፉል"ን ማለትም ምርጥ፣ ይገባል፣ ቆንጆ የሚሉትን ማደን ሆነ ሥራዬ። እነዚህ ቃላት ባሉበት የሰው አስተያየት አይጠፋም። በሴሚስተሩ መጨረሻ ከክፍሉ ሁለተኛ ወጣሁ።

በዚያው ሰሞን አንድ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም ቤታችን መጡ። ሻይ ይዤ ስገባ ወሬው ስለ እኔ ነበር።

"የወረታዎቹ ሰዎች የተከበሩ ነጋዴዎች ናቸው" ይላሉ አጎቴ። "ልጅቱን ለልጃቸው ጠይቀዋል። አሥረኛ ይበቃታል። የሴት ልጅ ትምህርት እንደሆን የትም አይደርስ።"

ሻዩን አቀረብሁ። እናቴ ከመጋረጃው ጀርባ በዓይኗ "ውጪ" አለችኝ። አልወጣሁም።

"አጎቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና" አልሁ። "የትም አይደርስ ያሉት የእርስዎ አስተያየት ነው። ሁለተኛ መውጣቴ ግን ሐቅ ነው። ማስረጃው ሳጥኑ ላይ አለ።"

አጎቴ ሻዩን አስቀመጡ። "ይህች ልጅ ምን አለች?"

አባቴ ወደ ሳጥኑ ዞረው አዩ። ኋላ "አምጪው" አሉኝ። የውጤት ካርዴን ሰጠኋቸው። ማንበብ የተማሩት በቅርቡ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ነው። ጣታቸውን ከፊደል ፊደል እያሻገሩ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ሄዱ። "ሁ... ለ... ተ... ኛ።" እንደገና ከመጀመሪያው አነበቡት።

"ወንድም ጋሼ፣ የትም አይደርስ ያሉት በምን ይታወቃል?" አሉ።

"እንዴት በምን? ሰው ሁሉ የሚለው ነው።"

"'ይህ ቀለም አይለቅም' ብሎ የማይምል ጨርቅ ነጋዴ አላየሁም" አሉ አባቴ፣ ካርዱን እንደያዙ። "የሚታወቀው ሲታጠብ ነው። ልጅቱ ትማር። እናያለን።"

አጎቴ ሻዩን ሳይጨርሱ ሄዱ። እኔ ጓዳ ገብቼ ከእናቴ ጋር ተቃቅፈን አለቀስን፤ ከዚያ አፋችንን ይዘን ሳቅን።

ከሁለት ዓመት በኋላ የማትሪክ ውጤት መጣ። እንግሊዝኛዬ ኤ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ መግባቴም አይቀሬ ሆነ። ለመምህሬ ልነግረው ፈለግሁ፤ እሱ ግን ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛውሮ ነበር፤ አድራሻውን የሚያውቅ አላገኘሁም። ወረቀቱን ይዤ ወደ ሱቅ ሮጥሁ። አባቴ አነበቡት፤ አሁን ጣታቸው አላስፈለጋቸውም። የጎረቤት ባለሱቆችን እየጠሩ አሳዩ። አጎቴም እዚያው ገበያ ነበሩና መጡ።

"ወንድም ጋሼ፣ ታጠበ" አሉ አባቴ። "አልለቀቀም።"

አጎቴ ወረቀቱን ገልብጠው አዩት፤ ግንባሬን ሳሙኝ። "አላህ ይጨምርልሽ" አሉ። ለእኔ ከበቂ በላይ ነበር።

ከዚያ አባቴ በጠራራ ፀሐይ ሱቁን ዘጉ። ለሶላት ካልሆነ በቀር ዘግተው አያውቁም። ጎን ለጎን እየሄድን ሐይቁ ዳር ደረስንና የተጠበሰ ዓሣ አዘዙ። ዓሣውን በጣታቸው እየፈለፈሉ፣ እሾሁን አንድ በአንድ እየነቀሉ፣ ንጹሑን ከፊቴ ያስቀምጡልኝ ጀመር፤ የአራት ዓመት ልጅ ሳለሁ እንደሚያደርጉት። ለራሳቸው ምንም አልበሉም። ዛሬ ለልጆቼ እሾህ የምነቅለው እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ለእኔ እሾህ የነቀለልኝ ሰው የለም።