የግራው የኋላ ፍሬን

ዛሬም ድረስ ጎማ ፈትቶ ግቢው ውስጥ ቁጢጥ ያለ ወንድ ሳይ ደሜ ይፈላል።

ወንድሜ ሐረር ታስሮ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ለምን ታሰረ ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ቢጠየቅም የሚመልስ የለም። አብሮት ታስሮ የተፈታ ሰው ቤታችን መጣና፣ «ሰኞ ወደ አዲስ አበባ ይወስዱታል። ቅዳሜ እስከ ቀትር ከሄድሽ ታገኚዋለሽ» አለኝ።

ጣሊያን ሠራሽ አሮጌ መኪና ነበረችን። የኋላ ፍሬን ሸራዋ አልቆ ብረት ከብረት ይፋጫል፤ በዚያ ፍሬን ከድሬዳዋ ሐረር ለመሄድ የደንገጎን ተራራ ወጥቶ መውረድ ራስን መግደል ነው። ባሌ በባቡር ከጅቡቲ በድብቅ የገባ ሸራ ገዛና፣ «ዓርብ ከሰዓት እኔው ራሴ እቀይረዋለሁ» አለ።

የድሬዳዋ ዓርብ ከሰዓት የጫት መሆኑን ማን ያጣዋል? ጎረቤታችን የጫት እስሩን ይዞ መጣ፤ መኪናዋ በክሪክ እንደተነሳች ጥላው ሥር ምንጣፍ ተነጠፈ። የቀኙን ፍሬን ባሌ ከጫቱ በፊት ጨርሷል። ወደ ግራው የዞረው ከመረቀነ በኋላ ነው። ሸራውን የሚገፋውን ፒስተን ወደ ውስጥ ለመመለስ መጭመቂያውን ሞርሳ ሲያነሳ አየሁትና፣ «እሱን በሞርሳ አትጫነው፤ ፒስተኑ እየዞረ ነው የሚገባው» አልኩት። አባቴ የባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ነበር፤ ያደግኩት መፍቻ እያቀበልኩት ነው።

ጎረቤታችን ሳቀ። «አቦ አንቺ ደግሞ፣ ሂጂ ስንቅሽን አዘጋጂ። ይሄን ለኛ ተይው።»

ባሌ ሞርሳውን ማጥበቁን ቀጠለ። ምርቃናው ነው ብዬ ገባሁ።

ቅዳሜ ማለዳ ስንቁን ቋጥሬ መኪናዋ ውስጥ ተቀመጥኩ። ባሌ ፍሬን ሲረግጥ ፔዳሉ ወለል ነካ። ወርጄ ሳይ ከግራው ጎማ ሥር የፍሬን ዘይት ፈስሷል። ሳልሰናበተው ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። የጠዋቱ አውቶቡስ ወጥቷል፤ ሌላው እስኪሞላ ቁጭ አልኩ። ሐረር ስደርስ የእስር ቤቱ በር ተዘግቶ ነበር። ዘበኛውን ለመንኩት። «ሰዓት አልፏል፣ እህቴ» አለና ስንቁን እንኳን ሳይቀበለኝ ቀረ።

ቤት እንደተመለስኩ የመንገድ ቀሚሴን ሳልቀይር ሁለቱንም የኋላ ጎማዎች ፈታሁ። የቀኙ ፒስተን በወጉ ዞሮ ገብቷል፣ አንድ ጭረት የለበትም። የግራው በሞርሳ ተደቁሶ ዘይት የሚይዘው ጎሚኒ ተቀዷል። ሁለቱንም የሠራው አንድ ሰው ነው። እየዞረ እንደሚገባ ያውቅ ነበር።

«ለምን?» አልኩት።

መሬት መሬቱን እያየ፣ «እስር ቤቱ በር ላይ የጠያቂ ስም ይመዘግባሉ። ነገ እኛ ቤት ይመጣሉ» አለኝ።

መፍራቱን አይደለም ያልዋጥኩት። ያኔ ያልፈራ ማን ነበር? ፈርቻለሁ ቢለኝ ብቻዬን በጠዋቱ አውቶቡስ እሄድ ነበር። እሱ ግን ጥፋቱን በጫት ላይ አላክኮ እኔን ሞኝ ማድረግ መረጠ። ወንድሜን ከዚያ በኋላ አላየሁትም። የት እንዳደረሱትም የነገረኝ የለም።

በሳምንቱ ከዚራ ሰፈር ካለ አሮጌ ጋራዥ ጎሚኒ አገኘሁና እኔው ቀየርኩት። ከፍሬን ውስጥ አየር ለማስወጣት ግን ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ፔዳል ይረግጣል፣ ሌላው ከታች ሆኖ ቡሎን ይከፍታል። ባሌን ጠራሁትና ፔዳሉ ጋ ተቀመጠ።

«ርገጥ» አልኩት። ረገጠ።

«ያዝ።» ያዘ።

«ልቀቅ።»

ለብዙ ወራት ከእኔ አፍ የሰማው ይህንኑ ብቻ ነበር።