ማኅተም የሌለው ወፍጮ ቤት

የጋለ ሞተር ሽታ ከአዲስ የስንዴ ዱቄት ብናኝ ጋር ተደባልቆ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ እስከ ዛሬ ድረስ የት እንዳለሁ ያስረሳኛል፤ አምቦ ገበያ መሀልም ብሆን ዕድሜዬ ዐሥራ ሰባት ይሆንና፣ ጊንጪ ላይ በቆርቆሮ የተሠራ አንድ ወፍጮ ቤት በር ላይ፣ የተጣጠፈ ደብዳቤ በእጄ ይዤ፣ አንፈልግሽም ከመባሌ በፊት ቀድሜ ፊቴን አኮሳትሬ ቆሜ እገኛለሁ። ያኔ ፊት ማኮሳተር በደንብ የምችለው ብቸኛ ሙያ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በክረምት ነው። ያን ጊዜ አገር አቀፍ ፈተና የሚሰጠው ዐሥረኛ ክፍል ላይ ነበርና፣ ውጤቱ መሰናዶ ያላስገባው ልጅ ቴክኒክና ሙያ ይመዘገብ ነበር፤ እኔም ዝናብ እየዘነበ ኮሌጁ ግቢ ውስጥ ተሰልፌ፣ አባቴ የመከረኝን የጽሕፈት ሥራ ልመርጥ ስል፣ ከኋላዬ የቆመ አንድ ልጅ ለጓደኛው «ኤሌክትሪክ የወንድ ነው» ሲል ስለሰማሁ ብቻ ኤሌክትሪክ ላይ ምልክት አደረግሁ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በፊት ስለ ኤሌክትሪክ የማውቀው መብራት ሲጠፋ መናደድን ብቻ ነበር።

አባቴ የአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። አምቦ ገና ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረበት ዘመን የተጻፉ፣ ጠርዛቸው የተበላ ፋይሎችን በሁለት እጁ ይዞ እንደ እንቁላል እየተጠነቀቀ ሲያወጣና ሲያስገባ ይውል ነበር፤ ቤትም ሲገባ የመብራት ደረሰኝ ሳይቀር በየዓመተ ምሕረቱ ለይቶ ያስቀምጥ ነበር። እናቴ ስትቆጣ በኦሮምኛ፣ ስትለማመጥ በአማርኛ ነበር የምትናገረው፤ ስለዚህ እኛ ቤት በብዛት የሚሰማው ኦሮምኛ ነበር። በዚያ ክረምት የመረጥኩትን ትምህርት ስነግራት በኦሮምኛ ጀምራ በኦሮምኛ ጨረሰች።

መስከረም ጠብቶ ትምህርቱ ሲጀመር፣ ለአርባ ሰው አንድ ሞተር ነበር የቀረበልን። ወንዶቹ ቀድመው ይከቡታል፤ እኔ ከኋላ ሆኜ በትከሻቸው መሀል ጫፉን አይና ደብተሬ ላይ እሥለዋለሁ፤ ሥዕሌም ከሁሉም ያማረ ነበር። በዚህ መሀል ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ «የኤሌክትሪክ ተማሪ አጠገቤ እያለች ምን አስጨነቀኝ» ብለው የተበላሸ ካውያቸውን አመጡልኝ። ፈታሁት፤ መፍታቱ ቀላል ነበር። ስገጥመው ግን ሦስት ብሎን ተረፈኝ፣ ልሞክረው ብዬ ስሰካውም የእኛንም የእሳቸውንም ቤት መብራት አጠፋሁ። እትዬ ብርቄ ካውያቸውን በፌስታል አንጠልጥለው ሲሄዱ «ምን ታድርግ፣ ገና ተማሪ ናት» አሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ያች ንግግር ሳምንት ሙሉ ስታቃጥለኝ ሰነበተች።

ጥቅምት ላይ ኮሌጁ ለልምምድ የምንወጣበትን የትብብር ደብዳቤና የምዘና ቅጽ ሰጠን፤ ቦታውን ራሳችን ፈልገን፣ ሦስት ወር ሠርተን፣ ቅጹን ድርጅቱ ሞልቶና ማኅተም መትቶ እንድንመልስ ተነገረን። አባቴ ቅጹን ተቀበለኝ። ታላቅ ወንድሙ፣ ማለትም አጎቴ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበሩ። በሕይወቱ ወንድሙን ምንም ነገር ለምኖ የማያውቀው አባቴ ማክሰኞ ዕለት ኮቱን ለብሶ ሄዶ ለመናቸውና፣ ኀሙስ ወረቀቱ ተሞልቶ መጣ። የሦስት ወሩ ልምምዴ በሁለት ቀን አለቀ ማለት ነው። ቅጹ ላይ ሰዓት አክባሪ፣ ትጉህ፣ በጥገና ከፍተኛ ችሎታ ያላት ተብዬ፣ ከመቶ ዘጠና ስምንት አግኝቼ፣ ከታች ክቡ ማኅተም ጥርት ብሎ ተመትቶበታል። ሁለቱን ነጥብ በምን ጥፋቴ እንደቀነሱብኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«አጎትሽ ትልቅ ውለታ ውሎልናል» አለኝ አባቴ። «እስከዚያው እናትሽን እያገዝሽ ቆዪና ጊዜው ሲደርስ ታስገቢዋለሽ።»

«አባዬ፣ እኔ እኮ አንድ ቀን አልሠራሁም።»

«ማን ሠራና? ሁሉም እንደዚሁ ነው የሚያደርገው።»

አልዋሸም፤ ከክፍላችን ግማሹ ደብዳቤው በተሰጠ ሳምንት ማኅተሙን አስመትቶ ጨርሶ ነበር። እኔ ግን የእትዬ ብርቄ ካውያ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ። «ነገ ሰው ሞተር አምጥቶ ፊቴ ቢያስቀምጥ ወረቀቱን ላሳየው ነው?» አልኩትና፣ ቅጹን አጥፌ እንደለበሰው የኮቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ መልሼ ከተትኩለት። አባቴ የሚጮህ ሰው አልነበረም። «አጎትሽ ይህን ከሰማ እኔና እሱ እንቆራረጣለን» ብቻ አለ። ሰምቼዋለሁ፤ ሆኖም በዐሥራ ሰባት ዓመቴ የሁለት ሽማግሌዎች ኩርፊያ ከእኔ ነገር ጋር የሚወዳደር አይመስለኝም ነበር። በማግሥቱ ኮሌጅ ሄጄ አዲስ ቅጽ ለመንኩና ቦታ ፍለጋ ወጣሁ።

አምቦን አዳረስኳት። የኤሌክትሪክ ዕቃ ጠጋኙ «ቦታ ሞልቷል» ሲለኝ፣ ባዶው ወንበር ላይ ድመቱ ተኝቶ ነበር። ጋራዡ «ነገ ነይ» አለኝ፤ ሦስት ጊዜ ነገ ሄድኩ። ሌላው ደግሞ ከላይ እስከ ታች አይቶኝ «ወንድም የለሽም?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ «አለኝ፣ እሱ ግን ሒሳብ አያያዝ ነው የሚማረው» ብዬው ሄድኩ። በየደጃፉ በተመለስኩ ቁጥር እልኼ እየባሰ፣ ማታ ቤት ስገባም አባቴ ምንም ሳይጠይቀኝ ራት እየበላን፣ ወሩ አለቀ።

ለኅዳር ሚካኤል ጊንጪ አክስቴ ቤት ሄጄ በነበረበት ሰሞን ነው ስንዴ ላስፈጭ የተላክሁት። አዲስ እህል የገባበት ጊዜ ስለነበር ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ሴቱና አህያው ተሰልፎ፣ ወፍጮው ግን ቆሞ ነበር። ባለቤቷ አዴ ጫልቱ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ወፍጮውን ራሳቸው የሚያሠሩ፣ ቅንድባቸው ሳይቀር ዱቄት የለበሰ ሴት ነበሩ፤ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳሰስ የሞተሩን ገላ በመዳፋቸው ዳሰስ አድርገው «ግሏል፣ ይረፍ» አሉ። መሣሪያ አልያዙም፤ የሚያነቡት ጽሑፍም አልነበረም፤ ግን ያውቁታል። ተራዬን ጥዬ ገባሁና ደብዳቤዬን ሰጠኋቸው።

«ምንድነው ይሄ?»

«የትብብር ደብዳቤ ነው። እዚህ ልለማመድ ብዬ ነው።»

«ተምረሽ ወፍጮ ቤት?»

«ሞተር አለዎት አይደል?»

«አለኝ።»

«የምፈልገው እሱን ነው።»

ሳቁ። «ኮቱ፣ ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ነይ ልጄ ማለታቸው ነው። «ግን እዚህ መቀመጥ የለም። ጠዋት ዐሥራ ሁለት ተኩል በሩ ይከፈታል፤ ከዘገየሽ ወደ መጣሽበት ተመለሽ።»

አክስቴ ቤት ተቀምጬ ወፍጮ ቤቱ እመላለስ ጀመር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ያሳለፍኩት ሞተሩ ላይ የተጋገረውን ዱቄት በብሩሽ እያራገፍኩ፣ ሞተሩን ከወፍጮው የሚያገናኘው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ መላላቱን በጣቴ ተጭኜ እያየሁ፣ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ግራሶ እየቀባሁ ነበር፤ ይህ ትምህርት አይደለም ብዬ ሳኮርፍ አዴ ጫልቱ «ያልጠረግሽውን አታውቂውም» ይሉኝ ነበር። ብልሽቱ ሲከብዳቸው ከአዲስ አበባ የሚያስጠሩት ጠጋኝ ሲመጣም መፍቻውን ከእጁ ቀምተው ለእኔ ሰጡና «እሷ ትፍታው፣ አንተ በአፍህ ንገራት» አሉት፤ ሰውዬው እያጉረመረመ ነገረኝ፤ እኔም ብሎን ሳላተርፍ ገጠምኩ። ከሁሉም በላይ ግን ማዳመጥን ተማርኩ። ከሦስቱ የኃይል መስመሮች አንዱ ሲጠፋ ሞተር ወዲያው አይቆምም፤ ያቃስታል፤ ፈጥኖ የሚያጠፋው ካላገኘም ራሱን አቃጥሎ ያርፋል፤ እሱ ከተቃጠለ ደግሞ ያ ሁሉ ሴት እህሉን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ጠዋት አዴ ጫልቱ ውጭ እህል ሲመዝኑ፣ የሞተሩ ድምፅ ተለወጠብኝ። ማንንም ሳልጠይቅ ዋናውን ማብሪያ አወረድኩት። ሴቶቹ «ምን ሆነች ይቺ?» እያሉ ሲንጫጩ ሳጥኑን ከፍቼ በቴስተር ስፈትሽ፣ አንደኛው ሽቦ ከማሰሪያው ላይ ተቃጥሎ አገኘሁት፤ የተቃጠለውን ቆርጬ፣ አጽድቼ፣ አጥብቄ አስሬ፣ መልሼ አስነሳሁት። ወፍጮው በደኅና ድምፁ ጀመረ። አዴ ጫልቱ በሩ ላይ ቆመው አዳመጡና «ጋሪ» አሉ፣ ጥሩ ነው እንደ ማለት። በማግሥቱ የበሩን ቁልፍ ሰጡኝ።

የካቲት አጋማሽ ላይ የኮሌጁ አሠልጣኝ ሊገመግመኝ መጣ። ጆንያ ላይ ተቀምጦ ግማሽ ቀን ሲያየኝና ሲጠይቀኝ ውሎ፣ ደስ ብሎት ቅጹን ለአዴ ጫልቱ ዘረጋላቸውና «ማኅተም እዚህ ላይ» አላቸው።

«የምን ማኅተም? እኔ ያለኝ ወፍጮ ነው» አሉት። ፊቱ ሲለወጥ አይተው «ስሜን ልጻፍልህ፣ ጣቴንም ልጫን» አሉና፣ የእስክሪብቶ ቀለም አውራ ጣታቸው ላይ ቀብተው፣ ወረቀቱ እንዳይቀደድ እየተጠነቀቁ ተጫኑት።

አሠልጣኙ አሻራውን አየና «እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፣ አምኛለሁ» አለኝ። «ሬጅስትራር ግን የሚያየው ማኅተም ነው።»

እንዳለውም መጋቢት ላይ ቅጹ ተመለሰብኝ፤ ማኅተም ካልመጣ ልምምዱ እንዳልተሠራ ይቆጠራል ተባልኩ። አምቦ ቤታችን ገብቼ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ወረወርኩት። አባቴ አነሣው፤ መስኮቱ ጋ ወስዶ መነጽሩን አድርጎ፣ የአውራ ጣቱን አሻራ መስመር በመስመር የሚያነበው ይመስል ለረጅም ጊዜ አየው። «እኛ መዝገብ ቤት በአውራ ጣት የጸና ስንት የመሬት ውል አለ» አለ በመጨረሻ። «ማንም አልጣለውም።»

በማግሥቱ ኮቱን ለብሶ አብሮኝ ሄደ። ሬጅስትራሯ ፊት ቆሞ፣ ስለ ፊርማ፣ ስለ አሻራ፣ ስለ ምስክር፣ በዚያ ቀስ ባለ አነጋገሩ አንድም ሳያስቀር ተከራከረ፤ ስለ እኔ ሲከራከር ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ሴትየዋ ክፉ አልነበረችም፤ ደክሟታል። «አባት፣ መመሪያ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?» አለችው። «ከሌላ ቦታም ቢሆን ማኅተም ያለው ወረቀት ካላችሁ ስጡኝና አሁኑኑ ልመዝግባት።»

አጎቴ ማኅተም የመቱበት ወረቀት የት እንዳለ አውቅ ነበር። አባቴ ወረቀት አይጥልም። እጁ ወደ ኮቱ የውስጥ ኪስ ሄደ፤ ደረቱ ላይ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ።

«የለንም» አለ። «ትደግመዋለች።»

ደገምኩት። ጓደኞቼ ሲመረቁ እኔ ጉደር ላይ ማኅተም ያለው አንድ ወርክሾፕ ውስጥ የማውቀውን ሥራ እንደ አዲስ ስለማመድ ከረምኩ፤ ማታ ማታም በንዴት አለቅስ ነበር። አባቴ ደግሞ አጎቴ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙ ብሎ ዘጠና ስምንት የተሞላበትን ቅጽ ይዞ ራሱ መለሰላቸው። «የናቀችኝ ልጅህ ናት ወይስ አንተ ነህ?» ብለው ጠየቁት። «እሷ ልጅ ናት፤ እኔ ነኝ» አላቸው። ከዚያ ወዲህ ተቆራረጡ። ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት፤ በአማርኛ ነበር የነገረችኝ።

አሁን አምቦ ላይ የተቃጠለ ሞተር ሽቦውን እየቀየርኩ የምጠቀልልበት የራሴ ወርክሾፕ አለኝ፤ ማኅተምም አለኝ። ጥቅምት በገባ ቁጥር ወላጆች ይመጣሉ፤ የዘንድሮዎቹማ መምጣቱንም ትተው ቅጹን በስልክ ፎቶ አንሥተው «እህቴ፣ ዛሬ ፈርመሽ ላኪልን» ይላሉ። «ልጁ ሰኞ ጠዋት ይምጣ» ብዬ እመልሳለሁ። አብዛኞቹ አይመጡም፤ ሳይመሽ ሌላ ቦታ አስመትተው ይጨርሳሉ፤ ስሜም ክፉ ሴት ተብሎ ወጥቷል። ይውጣ።

ያኔ በዚያ ታሪክ ውስጥ እምቢ ያልኩትም፣ የተጎዳሁትም እኔ ብቻ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። የእኔ አንድ ዓመት ነው፤ አልፏል። ባለፈው ዓመት አጎቴ ሲያርፉ ግን፣ አባቴ ድንኳኑ ውስጥ ከወንድሙ ልጆች ጎን ሳይሆን በሩ አጠገብ ከሰፈር ሰው ጋር ተቀመጠ፤ ወደዚህ ና ያለውም አልነበረም። አጠገቡ ተቀምጬ፣ ከቀብር መልስ የሚሰጠውን ንፍሮ በመዳፉ ይዞ ሳይበላው ሲቆይ አየሁት። ወደ ቤት ስንመለስ ያን ቀን ወረቀቱን አውጥተህ ብትሰጣት ይሻል ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ጥቂት እንደሄድን «ዘንድሮ ለልምምድ ስንት ልጅ መጣልሽ?» አለኝ።

«አንድ» አልኩት።

«ይበቃል» አለ።