ደረቴ ውስጥ ስልክ አለ የተባለ ቀን

ካርቱም፣ ዴም ሰፈር፣ ከአንድ የሐበሻ ዳቦ ቤት ሥራ አገኘሁ። ባለቤቷ እኔ ሳልወለድ ካርቱም የገቡ እትዬ ናቸው። "የዱቄት ጆንያ መሸከም ትችላለህ?" ሲሉኝ "ኧረ እትዬ፣ ምን ነካዎት!" ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ያ ደረት ልጅ ሳለሁ ለልብ ሕመም የተከፈተ ነው። ሐኪሞቹ ድነሃል፣ እንደማንም ሰው ትሠራለህ ብለውኛል። ሰው ግን ጠባሳውን ሲያይ "ምስኪን" ይለኛል፤ ከስድብ ሁሉ እሱን አልወድም። ስለዚህ በዚያ ሁሉ ሙቀት ሸሚዜን እስከ አንገቴ ቆልፌ እሄድ ነበር።

የዳቦ ቤት ሠራተኛ የጤና ካርድ ያስፈልገዋል፤ ለካርዱ ደግሞ የደረት ራጅ። አልፈራሁም። ራጅ የሚያሳየው አጥንት ነው፣ እኔ የተሰፋሁት በክር ነው። የላይኛውን ክር ሲነቅሉልኝ አይቻለሁ፤ የውስጡ ሟሙቶ ያልቃል ተብያለሁ።

እትዬ ልጃቸውን ከእኔ ጋር ላኳት። ዕድሜዋ ከእኔ ይስተካከላል፤ እዚያው ዴም ተወልዳ ስላደገች አማርኛዋ ቀዳዳ ይበዛበታል። የእኔ ዐረብኛ ደግሞ የቀን ሥራ ዐረብኛ ነው፤ አንሳ፣ አውርድ ከሚለው አያልፍም። እሷ ፊት ጎበዝ መምሰል እወድ ነበር፣ ምን እደብቃለሁ።

ራጅ አንሺው ሸሚዜን አስወልቆ ካናቴራዬን ተወልኝ። ማተቤን ሊያስወልቀኝ ነው ብዬ ስይዘው፣ "ኸሊሁ፣ አል-ኸይት ማ ቢዝሀር" አለኝ፤ ተወው፣ ክር አይታይም ማለቱ ነው። ደስ አለኝ። ክር አይታይም!

ራጅ ተነስቼ ወጥቼ ከልጅቷ ጋር ወረፋተኛው መሐል ስንጠብቅ ራጅ አንሺው ብቅ አለ። "ሲሊክ! ሲሊክ ጁዋ!" አለ፣ ደረቱን መታ መታ እያደረገ።

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። "ደረትህ ውስጥ ስልክ አለ ይላል።"

ስልኬ እሷው እጅ ላይ ነበር። ወረፋ ከያዙት ሐበሾች አንዱ "ዋጥከው እንዴ?" ሲል ሳቁ። ሌላው "ለመሆኑ የማን ነው?" አለ። ደሜ ፈላ። "ሌባ አይደለሁም!" ብዬ እሷ ላይ ጮህኩባት፤ ሸሚዜንም ከነካናቴራዬ እስከ አንገቴ ገልቤ "ፈትሹኝ!" አልኩ።

ሳቁ ቆመ። ሁሉም ጠባሳዬን አዩ።

ሰውዬው ጠርቶን ምስሉን አሳየን። ልጅቷ ትክ ብላ አየችና የመስኮቱን የትንኝ መከላከያ ነካች። "ይሄ በአማርኛ ምን ይባላል?"

"ሽቦ" አልኳት።

"እሱ ነው፤ ሲሊክ ያለው ሽቦ ማለቱ ነው። በሽቦ ተሰፍተሃል።"

እውነትም ደረቴ መሐል ላይ ተራ በተራ የተቋጠረ ሽቦ ነጭ ሆኖ ያበራል። ማተቤ ግን ምስሉ ላይ የለም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእኔን ራጅ አወጣው። ጠባሳዬን በገዛ እጄ ገልጬ ለወረፋተኛ ማሳየቴ ሳያንስ፣ ልትረዳኝ በመጣች ልጅ ላይ መጮሄ መግቢያ አሳጣኝ።

በሪክሻ ስንመለስ ይቅርታ ልላት፣ ለእናቷም እንዳትነግርብኝ ልለምናት ፈልጌ የሸሚዜን ቁልፍ ብቻ ነካካሁ። እናቷ ነገሩን ካወቁ ሥራውን አልሰጥም እንደሚሉኝ አውቃለሁ።

"እህሳ፣ ምን አሉት?" አሉ እትዬ፣ ገና ከበር ሳንገባ።

"ኩሉ ተማም፣ ዩማ። ሁሉም ደህና ነው፣ ሳንባውም ደህና ነው" አለች። አልዋሸችም፤ ራጁ የታዘዘው ለሳንባ ነው፣ ሽቦውን ግን ዘለለችው።

ዱቄት በመጣ ቀን ጆንያ ላነሳ ጎንበስ ስል፣ አንዱን ጫፍ መጥታ ያዘች። ሠራተኛው ሁሉ ያያል። ጆሮዬ ጋለ።

"ልቀቂው፣ ብቻዬን እችላለሁ" አልኳት በሹክሹክታ።

"አውቃለሁ" አለች። አልለቀቀችም።

እትዬ ከባንኮው ጀርባ ሆነው አንዴ እሷን፣ አንዴ እስከ አንገቴ የተቆለፈውን ሸሚዜን አዩ። ምን ሆነሃል ይሉኛል ብዬ ብጠብቅ ዳቦ መሸጣቸውን ቀጠሉ፤ ምስጢሬ እንደገባቸው አወቅሁ፤ ከወረፋተኛው ሳቅ ሁሉ ይልቅ የእሳቸው አለመጠየቅ አሳፈረኝ።