ከፎጣው ሥር

ሚኒባሱ ከሐይቅ ወደ ውጫሌ ሲነሳ ተሳፋሪው ሁሉ ሁለት እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ፤ ሹፌሩ ግን ግራውን ብቻ ዘረጋ። ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፏል፤ ጥፍሩ እንደ ሙሽራ ጥፍር የጠራ ነው። ቀኝ እጁ ማርሽ በቀየረ ቁጥር ጭኑ አጠገብ ወዳለው ፎጣ ይመለስና እንደ ታመመ ልጅ ይደባብሰዋል።

ኩርባው ላይ ፎጣው ሲንሸራተት፣ ጋቢና አጠገቡ የተቀመጠችው ነፍሰ ጡሯ ኑርሀያት የሽጉጥ አፈሙዝ ወደ ሆዷ ዞሮ አየች።

«የኔ ወንድም፣ በአላህ ይሁንብህ አዙርልኝ። ሁለት ነፍስ ነኝ።»

«አብሽሪ እቴ፣ አንቺን አያውቅሽም» አለና አፈሙዙን ወደ ራሱ ጎን መለሰው። «የለመደው እኔን ነው።»

ትከሻው ገና ያኔ ረገበ፤ ማንጎራጎርም ጀመረ። ሰው ሽጉጥ የሚይዘው ሌላ ሰው ፈርቶ ይመስላት ነበር፤ አሁን ግን ከአፈሙዙ ይልቅ እርጋታው አስፈራት።