የምንጯ ማኅበርና አሥራ ሁለቱ ችግኞች

እኔ ማኅበሩ ውስጥ የገባሁት ለጽድቅ አይደለም፤ ለእንጀራዬ ነው። ጉለሌ ውስጥ የሰው ልብስ እያጠብኩ እኖር ነበር። የማጥብበት ውኃ ከቀጨኔ በላይ ካለች አንዲት ምንጭ ወርዶ ወንዛችንን የሚቀላቀለው ነው። በንጉሡ ዘመን የሰፈሩ ሰዎች ያችን ምንጭና ወንዙን ለመጠበቅ ማኅበር አቋቋሙ። ደመወዝ የለ፣ ምን የለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቆሻሻ እንጠርጋለን፣ ውኃው ውስጥ ከብት የሚነዳውን እናባርራለን፣ ከዚያ ወንዶቹ ቁጭ ብለው ይከራከራሉ። ሴቶቹ? እኛማ መጥረጊያችንን ይዘን እንሰማለን።

ሊቀመንበራችን ጡረታ የወጡ ግራዝማች ነበሩ። ደግ ሰው ናቸው፤ ግን አንዴ ካሉ አሉ ነው። አንድ ቅዳሜ አሥራ ሁለት ችግኝ አስይዘው መጡና “ምንጯ እንድትጠነክር ዙሪያዋን እንትከል” አሉ። ጠጋ ብዬ ባይ ባሕር ዛፍ! ምን ይደረግ፣ የኛ ሰፈር ሰው ዛፍ ሲባል ሌላ አይታየውም። ቤቱ ባሕር ዛፍ፣ ማገዶው ባሕር ዛፍ፣ ለጉንፋን የሚታጠነው ባሕር ዛፍ።

“ግራዝማች፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ ዛፍ ውኃ ይጨርሳል” አልኩ። “ቁስቋም እናቴ ቤት፣ ጎረቤታችን የውኃ ጉድጓዱ አጠገብ ተክሎት በሦስተኛው ዓመት ባልዲው ጭቃ ይዞ ወጣ።”

“አንቺ ልጅ፣ ዛፍ ውኃ ይስባል እንጂ መች ይጨርሳል!” አሉኝ። ወንዶቹ ሳቁ። የንስሐ አባቴም የማኅበሩ አባል ናቸውና እዚያው ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ውኃ የሚቀዳው ከዚያችው ምንጭ ነው። እሳቸውም ግራዝማችን ፈርተው ዓይናቸውን ወደ ምንጯ መለሱ። በገንኩ። ምንጯ ብትደርቅ እኔ ወዴት ልሄድ ነው? ግራዝማች ጭራሽ “ውሎሽ እዚያው ስለሆነ ማጠጣቱ ያንቺ ሥራ ይሁን” ብለው ሾሙኝ።

እሰይ! ምንጯ አጠገብ ነጭ ልብስ የምቀቅልበት በርሜል መቼም ከእሳት አይወርድም። ጠዋት ጠዋት ሰው ሳይመጣ፣ ከሚንተከተከው ውኃ በጣሳ እቀዳና አንዱን ችግኝ “እንካ ጠጣ” እለዋለሁ። ትእዛዝ አላፈረስኩም። አጠጪ ተባልኩ፣ አጠጣሁ።

አንዱ ጠወለገ፣ ሌላው ደረቀ። ግራዝማች መጀመሪያ ምስጥ ነው ብለው አመድ ነሰነሱ። ቀጥሎ የእንጦጦ ውርጭ ነው አሉ። ዘጠነኛው የደረቀ ዕለት ታዲያ አሮጌ ጋቢያቸውን ቀዳደው መጡና የቀሩትን ሦስቱን አንድ በአንድ አለበሷቸው። ተንበርክከው “አይዟችሁ” ሲሏቸው ሰማሁ። ለችግኝ እኮ ነው! በሆዴ ስስቅ የከረምኩት ሴትዮ ያን ዕለት ጣሳዬን አስቀመጥኩ። እንዲህ ያለ ሽማግሌ ይታለላል?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ እግራቸው ሥር ወደቅኩ።

“ይፍቱኝ አባ፣ ችግኞቹን የገደልኳቸው እኔ ነኝ።”

በርሜሉንም፣ ጣሳውንም፣ ጋቢውንም ሳልደብቅ ተናዘዝኩ። ንስሐ ምስጢር ነው፤ ለግራዝማች እንደማይነግሩብኝ አውቃለሁ። የፈራሁት “የቀሩትን እንዳትነኪ” እንዳይሉኝ ነው። ካሉኝ በቃ፣ መታዘዝ አለብኝ። ሦስቱ ያድጋሉ፣ ምንጯ ትደርቃለች፣ እኔም ልብስ አጠባው ይቀርብኛል።

“ትልቅ ሰው አሳዝነሻል” አሉኝ።

“አዎ፣ አባ።”

“ለእያንዳንዱ ችግኝ አሥር አሥር ስግደት ትሰግጃለሽ።”

“እሺ አባ። ለዘጠኙ ዘጠና።”

መስቀላቸውን እንደያዙ ወደ ምንጯ በኩል ትንሽ አዩ።

“ለአሥራ ሁለቱም ስገጂ” አሉኝ።