ጋሼ የጠረቡልኝ አራት ክንፎች

ይሄ ነገር የሆነው ሚሌኒየሙ ሊገባ ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ ካዛንቺስ በድሮው ግቢያችን ውስጥ ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር መጀመሪያ ያስቀኛል፤ ቀጥሎ ግን አንገቴን ያስደፋኛል። የምጽፈውም ለማሳቅ ብቻ አይደለም፤ ማረም ያለብኝ ነገር ስላለ ነው።

ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ፤ ቄራ አካባቢ አንድ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ። ጎበዝ ነበርኩ፤ ችግሩ ጎበዝነቴን እኔም ማወቄ ነው። አንድ ቀን ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብዬ፣ ውጭ አገር ሰዎች ለመዝናኛ ብለው ጓሯቸው ውስጥ የሚሠሯትን የአንድ ሰው ሄሊኮፕተር ፎቶ አየሁ። ወንበር፣ ሞተር፣ ከላይ ማራገቢያ፣ በቃ። ይቺማ እኔንም አታቅተኝም አልኩ።

ነገሩ ግን ፎቶው ላይ እንደሚታየው ቀላል አልነበረም። ከላይ ያለው ማራገቢያ ወደ ቀኝ ሲዞር ወንበሩ ከነሰውየው ወደ ግራ ይሽከረከራል። ይሄን ለመከላከል አብዛኞቹ ረጅም ጭራ ያወጡና ጫፉ ላይ ሌላ ትንሽ ማራገቢያ ይገጥማሉ። የእኛ ግቢ ደግሞ አምስት አባወራ የሚኖርበት፣ የልብስ ማስጫ ገመድ የተወጠረበት ነው፤ ጭራ የሚዘረጋበት ቦታ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ሌላውን መንገድ መረጥኩ። ሁለት ማራገቢያ፣ እያንዳንዱ ባለ ሁለት ክንፍ፣ አንዱ ካንዱ በላይ፤ የታችኛው ወደ ቀኝ፣ የላይኛው ወደ ግራ ይዞራል። አንዱ ያንዱን ግፊት ያጠፋል፣ ጭራም አያስፈልግም።

ሞተሩን ከተጣለ ሞተር ሳይክል አወጣሁ። ማራገቢያዎቹን በተቃራኒ የሚያዞሩትን ጥርሶች ከአሮጌ መኪና ዲፈረንሻል ፈታሁ። ወንበሩንና ዘንጉን ራሴ በየድኩ። የቀረው ክንፉ ነበር፤ ለእሱ ደግሞ ከጋሼ የተሻለ ሰው አልነበረም።

ጋሼ የምላቸው አባቴን ነው። አናጢ ናቸው፤ በሰፈራችን የሳቸው እጅ ያላረፈበት በር ጥቂት ነበር። ከጎረቤት ተሽከርካሪ የቢሮ ወንበር ተውሼ ላዩ ላይ ቁጭ አልኩና እግሬን አንስቼ መጥረጊያ ወደ ቀኝ አወናጨፍኩ፤ ወንበሩ ወደ ግራ ሲዞር አሳየኋቸው። ሁለት ማራገቢያ ለምን እንዳስፈለገ፣ የላይኛው ክንፎች ከታችኛዎቹ በተቃራኒ መጠረብ እንዳለባቸው፣ ሁሉንም አስረዳኋቸው። እንደ ተማሪ ልብ ብለው ሰሙኝ።

"የት ልትሄድበት ነው?" አሉኝ ስጨርስ።

መስቀል አደባባይን ዞሬ እመለሳለሁ አልኳቸው። ወንበሩን፣ ሞተሩን፣ ብየዳዬን ዞር ዞር ብለው አዩ። ከዚያ "እሺ፣ እሠራልሃለሁ" አሉ።

ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው። ከዝግባ ተጠርበው፣ ተልገው፣ ቫርኒሽ ተቀብተው ሲያልቁ ያምሩ ነበር። እኔ ከመቸኮሌ የተነሳ አንዱን ከሌላው ጋር እንኳ አላስተያየሁም። ጋሼ ናቸዋ የሠሩት፣ ምን ብዬ አያለሁ?

እሑድ ረፋድ ላይ ግቢው በሰው ሞላ። እማዬ በቅዱሳኑ ሁሉ ስም እየለመነችኝ ሄልሜቴን አጥልቄ ተቀመጥኩ። ሞተሩ ተነሳ፣ ማራገቢያዎቹ ዞሩ፣ አቧራው ቆርቆሮ ጣሪያውን አለበሰው፤ የጎረቤታችን የእትዬ ጽጌ አንሶላ ከገመዱ ተነስቶ አጥር ተሻገረ። ሙሉ ነዳጅ ሰጠሁት። አንሶላው በረረ፣ እኔ ግን ከመሬት አንዲት ጣት አልተነሳሁም። አምስት ደቂቃ ያህል ታገልኩ። በመጨረሻ አጥፍቼ ወረድኩና ቀና ብዬ ሳይ ነገሩ ገባኝ። አራቱም ክንፎች አንድ ዓይነት ናቸው። የታችኛው ማራገቢያ ሊያነሳኝ ሲታገል፣ የላይኛው ወደ ታች ሲደፍቀኝ ነበር።

ደሜ ፈላ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት "ጋሼ፣ ግራና ቀኝ መለየት አቃተዎት እንዴ?" አልኳቸው።

ሰው ሳቀ። ጋሼ ባርኔጣቸውን አስተካክለው "አርጅቻለሁ መሰለኝ" አሉና ወደ ቤት ገቡ።

ቀጥሎ የሆነውን ለዓመታት ለማንም አልተናገርኩም። በማግስቱ ማሽኑን ስፈታታ፣ ማራገቢያዎቹን የተሸከመው ዘንግ እኔ የበየድኩት ቦታ ላይ እስከ ግማሽ ድረስ ተሰንጥቆ አገኘሁት። መሬት ላይ ቆሞ፣ በአምስት ደቂቃ። ከጣሪያ በላይ ሆኜ ቢሆንስ? ሥሬ የሚሯሯጡት የጎረቤት ሕፃናትስ? የበረራው ነገር እዚያው አበቃ። ለጠየቀኝ ሁሉ ግን ጋሼ ክንፉን አበላሹብኝ ነው ያልኩት። ስንጥቁን ዋጥ አደረግኩት። ሰፈሩም ቀልዱን ያዘ፤ በር ሊያሠራ የመጣ ሁሉ መክፈቻው በየት በኩል እንደሆነ ልጻፍልዎት ወይ እያለ ያሾፍባቸው ጀመር። እሳቸው ፈገግ ብለው ያልፉታል። እኔም ዝም ብዬ እሰማለሁ።

ከሰባት ዓመት በኋላ ግቢያችን ለልማት ሊፈርስ ሆነና ጎተራ ኮንዶሚኒየም ልንገባ ዕቃ ስናሰናዳ፣ የጋሼን የመሣሪያ ሳጥን የማሰር ተራው የኔ ነበር። ከሥሩ ሁለት በክንፍ ልክ የተቆረጡ ካርቶኖች አገኘሁ። አንዱ ላይ በሳቸው እጅ "ቀኝ" ተብሎ ተጽፏል፤ ጠርዙ እንጨት ላይ ተደርጎ ስለተሰመረበት በእርሳስ ጠቁሯል። ሌላው ላይ "ግራ" ይላል፤ ጠርዙ ንጹሕ ነው፤ እርሳስ አልነካውም።

ያኔ ነው የነቃሁት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ባለ ሁለት ተካፋች በር ሲሠሩ የኖሩ፣ አንድም ቀን የግራውን በቀኝ ያልሰቀሉ ሰው ናቸው።

ካርቶኑን ይዤ ሄድኩ። "ጋሼ፣ ይሄን ቆርጠው ለምን አልሠሩበትም?"

አየት አደረጉና "እምቢ ብልህ ሌላ አናጢ ጋ ትሄድ ነበራ" አሉኝ።

ስለ ስንጥቁ ያን ዕለት ነገርኳቸው። አልተቆጡም። እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው፣ ግን ይቅርታዬ ሁለታችን መሀል ቀረ። የሳቁባቸው ሰዎች ያን ሳምንት በየአቅጣጫው ተበትነው ነበር።

ጋሼ ካረፉ ሁለት ዓመት አልፏል። የዚያ ግቢ የዝግባ ፍቅፋቂ ሽታ፣ የእትዬ ጽጌ ቁጣ፣ የወጣትነቴ ድፍረት ሁሉ ይናፍቀኛል። "ግራ" የሚለው ካርቶን ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የዚያ ግቢ ጎረቤቶቼ፣ ይሄን የምታነቡ ካላችሁ እወቁልኝ፤ ማሽኑን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አባቴ ጋሽ ታደሰ ግራና ቀኛቸውን አሳምረው ያውቁ ነበር።